የቡሌው ሠርግ እማኞች

ዲላ ኮሌጅ ሳለን አንድ ቤት ተከራይተን የኖርን ወዳጄ የመጀመሪያ ልጁን ሊድር ነው። እሱ የቡሌ ሰው ነው፤ እኔ የደብረ ታቦር። እሱ በቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን እየዘመረ ያደገ፣ እኔ ከእናቴ ጋር እያስቀደስኩ ያደግሁ። ከተመረቅን በኋላ እሱ የባዮሎጂ መምህር ሆኖ በጌዴኦ ወረዳዎች ሲዞር እኔ አዲስ አበባ ቀረሁ፤ ወዳጅነታችን ግን መጀመሪያ በደብዳቤ፣ ኋላም በስልክ ሳይቋረጥ ልጅ እስከመዳር ደርሷል። «ጥር ላይ ነው፤ ቡሌ ነው። ጋቢ ይዘህ ና» አለኝ። ስለ ሠርጉ የጨመረልኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «አንዱን ነገር እንደ ኩዌከሮቹ እናደርገዋለን።»

ነገሩ የቆየ ነው። ወዳጄ በወጣትነቱ የትምህርት ዕድል አግኝቶ በእንግሊዝ አገር፣ በርሚንግሃም ከተማ ኖሮ ተመልሷል። ያረፈው በርንቪል በሚባለው ሰፈር ነበር። በርንቪል የካድበሪ ቸኮሌት ባለቤቶች በፋብሪካቸው ዙሪያ የቆረቆሩት መንደር ነው፤ ካድበሪዎቹ ኩዌከሮች የተባሉት ክርስቲያኖች ወገን ስለነበሩ መጠጥ ቤት እንዳይከፈትበት አድርገው ነው ያቆሙት። ቤት ያከራዩት አሮጊት የልጅ ልጃቸውን ሲድሩ እሱንም ጠሩት። ያን ጊዜ የጻፈልኝ ደብዳቤ ከብዙዎቹ ይልቅ በአእምሮዬ ቀርቷል። ሰዎቹ ወንበራቸውን ክብ አድርገው ተቀመጡ። ቄስ የለም፤ ሰባኪ የለም፤ መዝሙርም የለም። ሁሉም ዝም አለ። ዝምታው ከረዘመ በኋላ ሁለቱ ሙሽሮች ማንም ሳያዛቸው ተነሡ፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ እያንዳንዳቸው በራሳቸው አንደበት ቃል ገብተው ተቀመጡ። እንደገና ዝምታ ሆነ። መጨረሻ ላይ አንድ ትልቅ የብራና ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ተዘረጋ፤ በዚያ ክፍል የነበረ ሰው ሁሉ፣ ሕፃናቱም ጭምር፣ ተራ በተራ እየፈረመ ወጣ። «እኔም ፈረምኩ። ስሜን በአማርኛ ጻፍኩት። የእነዚያ ልጆች ትዳር ላይ አሁን እኔም አለሁበት» ብሎ ነበር የጻፈልኝ።

ልማዱ ሥሩ ሩቅ ነው። የመጀመሪያዎቹ ኩዌከሮች፣ ጆርጅ ፎክስና ተከታዮቹ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ተለይተው ሲወጡ ካህን የሚባለውን ማዕርግ ተዉት። ጋብቻን የሚያጸናው እግዚአብሔር ነው፤ የሰው ድርሻ መመስከር ነው አሉ። ፎክስ ራሱ ማርጋሬት ፌልን በ1669 እ.ኤ.አ. ብሪስቶል ላይ ያገባው በዚሁ ሥርዓት ነው። ካህን ያላጋባው ጋብቻ ዋጋ የለውም ተብሎ በየፍርድ ቤቱ ሲያከራክራቸው ኖሮ፣ በ1753 እ.ኤ.አ. የወጣው የእንግሊዝ የጋብቻ ሕግ ኩዌከሮችንና አይሁዶችን ለይቶ በራሳቸው ወግ እንዲጋቡ ተዋቸው። ለእኛም አገር ፈጽመው እንግዳ አይደሉም፤ ጣልያን ከተባረረ በኋላ በ1942 እ.ኤ.አ. ጦር መሣሪያ አናነሣም ያሉ ወጣቶቻቸው በአምቡላንስ ማኅበራቸው አማካይነት መጥተው በሆስፒታሎቻችን አገልግለዋል።

እንግዲህ ወዳጄ ያን ወረቀት ልቡ ውስጥ ይዞት ኖሮ፣ ቡሌ ላይ ሊዘረጋው ነው።

ከቃሊቲ መናኸሪያ ሌሊት ተነሥቼ በሞጆ፣ በዝዋይ፣ በሻሸመኔ አድርጌ ሀዋሳ ገባሁ። ከሀዋሳ በኋላ አገሩ ይለወጣል፤ ግራ ቀኙ እንሰት ይሆናል፣ ደጃፉ ሁሉ ይለመልማል። ዲላ ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስደርስ ሊመሽ ነበር። አናናስና አቮካዶ የሚሸጡት እናቶች ዕቃቸውን እየሰበሰቡ፣ ባጃጆቹ እየተተረማመሱ፣ ለጌዴኦ የዘመን መለወጫ ለደራሮ የተሰቀለው ጨርቅ በየአደባባዩ እየተውለበለበ። ከተማው በጣም አድጓል። ያኔ በእግር ያቋረጥነው ሜዳ ሁሉ ፎቅ በቅሎበታል። በየቡና ማዘጋጃው ግቢ አልጋ ላይ የተሰጣው ጀንፈል ሽታ ግን ያው ነው፤ መስኮት ከፍቼ ተኛሁ።

ወደ ቡሌ የሚወስደው መንገድ ከዲላ ወደ ምሥራቅ ነው። ሩቅ አይደለም፤ ዳገት ነው እንጂ። ሚኒባሱ መንገዱን እያጠማዘዘ ሲወጣ የጌዴኦን ገበሬ ሥራ ከታች እስከ ላይ አየሁት። መጀመሪያ ላይ ከላይ ዋንዛና ብርብራ፣ ከሥሩ እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና፣ ከቡናው ሥር ጎመንና ጎደሬ። ለማያውቅ ሰው ጫካ ነው፤ ለባለቤቱ ግን እያንዳንዷ እግር የተተከለችበት ዘመን የሚታወቅ ማሳ። ታደሰ ኪጴ የተባሉት የጌዴኦ ተወላጅ ምሁር በ2002 እ.ኤ.አ. የዶክትሬት ጽሑፋቸውን የሠሩት በዚሁ ላይ ነው፤ ይህን ያህል ሕዝብ በዚህ ጠባብ ተዳፋት ላይ ለሺህ ዓመታት አፈሩን ሳይጨርስ እንዴት ኖረ ብለው ጠየቁ። መልሱ በእንሰት ዙሪያ የሚሽከረከር ነው። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ፣ ከትክል ድንጋዮቹ ጋር አብሮ የተመዘገበው ይኸው የገበሬ ጥበብ ነው። እኔ በተወለድኩበት አገር ዛፍ የቀረው በቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው፤ እዚህ ግን ሰው በዛፍ ውስጥ ይኖራል። መስኮቱን ሳልለቅ ይህን እያሰብኩ ነበር የወጣሁት።

ከተወሰነ ከፍታ በኋላ ቡናው ያልቃል። እንሰቱ ይቀጥላል። ከእንሰቱ ጋር ገብስ፣ ባቄላ፣ ቀርከሃ ይመጣል፤ ጉሙም ይወርዳል። ቡሌ ደጋ ነው። ከከተማው አልፎ ያለው የሀሮ ወላቡ ኩሬ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። ጋቢ ያዝ መባሌ የገባኝ ከሚኒባሱ እንደወረድኩ ነው።

ወዳጄ መናኸሪያው ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ጸጉሩ ሸብቷል። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን፣ ደግመን ተሳሳምን፣ ከዚያ ምንም ሳንናገር ሻንጣዬን አንሥቶ መንገድ ጀመረ። ቤቱ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። እናቱ ደጃፍ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። አማርኛቸው ጥቂት ነው፤ ልጃቸው በጌዴኡፋ የሚነግራቸውን እየሰሙ፣ ዓይኔን እያዩ ይመልሱልኛል። «ይህ ነው ያኔ ዲላ አብሮህ ያደረ?» አሉት። ነው ሲላቸው እጄን ይዘው ረጅም ምርቃት መረቁኝ። ቃሉን ሁሉ ባልረዳም አሜን እያልኩ ተቀበልኩ።

ማምሻው ላይ ጓሮ ገባሁ። ሴቶቹ ለነገ ቆጮ እያዘጋጁ ነበር። ከጉድጓዱ የወጣው ሊጥ በእንሰት ቅጠል ላይ ተከምሯል፤ ሽታው ከሩቅ ይጠራል። አንዷ እፍኝ እፍኙን በጨርቅ ጠቅልላ በሁለት እጇ ታጠምዘዋለች፣ ውኃው ይንጠፈጠፋል። ሌላዋ የተጨመቀውን ሳንቃ ላይ አድርጋ ቃጫው እንዲያጥር በቢላ ታክ ታክ ታክ እያደረገች ትከትፈዋለች፤ ሦስተኛዋ ትነፋዋለች። ከዚያ ጠፍጠፍ ተደርጎ፣ ለጋ የእንሰት ቅጠል ከላይም ከታችም ለብሶ ምጣድ ላይ ይወጣል። ሥራው ዝማሬ አለው። አንዷ ትጀምራለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ነው፣ ምቱ ግን የቢላው ነው። ጎረቤት ሁሉ የየራሱን ቢላ ይዞ ነበር የመጣው። ወዳጄ ሠርግ ሲደግስ ከገዛው ይልቅ የተዋጣለት ይበልጣል።

በጌዴኦ ውስጥ ዛሬ አብዛኛው ሰው የወንጌላውያን አማኝ ነው። ታሪኩ ከዲላ ይጀምራል። ዶን ሪቻርድሰን የተባለው ጸሐፊ እንደተረከው፣ ዋራሳ ዋንጌ የሚባል የጌዴኦ ሰው ፈጣሪውን ማገኖን ራስህን ግለጥልኝ ብሎ ሲጸልይ፣ ሁለት ነጭ ሰዎች ዲላ አጠገብ ከአንድ ትልቅ ሾላ ሥር መጠለያ ሲሠሩ በራእይ አየ። ከዓመታት በኋላ፣ በታኅሣሥ 1941 ዓ.ም.፣ አልበርት ብራንትና ግሌን ኬይን የተባሉ የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሰዎች መጥተው እዚያው ሾላ ሥር ድንኳን ተከሉ። ከዚያ ዘር የቃለ ሕይወት አጥቢያዎች በየቀበሌው ተበተኑ። የወዳጄ እናት አባት ከመጀመሪያዎቹ አማኞች አንዱ ነበሩ። እናቱ ሲናገሩ ግን የሚያስቀድሙት ሚሲዮናውያኑን ሳይሆን ከጎረቤት ወረዳ በእግር እየመጡ ያስተማሩትን የአገር ልጆች ነው።

ማታ እሳት ዳር ሆነን የወረቀቱን ነገር ጠየቅሁት። ለቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ሲያቀርበው ቶሎ አልተቀበሉትም ነበር። «የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት አለን፤ የሰው አገር ልማድ ለምን?» አሉ። አንደኛው ሽማግሌ ደግሞ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የት አለ ብለው ጠየቁት። የመለሱት መጋቢው ናቸው። መጽሐፈ ሩት ምዕራፍ አራትን ገለጡ፤ ቦዔዝ ሩትን ሲያገባ በከተማይቱ በር የተቀመጡት ሽማግሌዎችና ሕዝቡ ሁሉ ምስክር መሆናቸውን የሚናገረውን ክፍል አነበቡ። ከዚያ ወዲያ ክርክር አልነበረም። እንዲያውም ሽማግሌው ራሳቸው፣ አባቶቻችን በሶንጎ ሲቀመጡ እንዲሁ አልነበረም ወይ አሉ። ሶንጎ የጌዴኦ ሽማግሌዎች ነገር የሚያዩበት ሸንጎ ነው። እዚያ የተፈረደ ነገር የሚጸናው የተቀመጡት ሰዎች ስለሚያስታውሱት ነው።

እኔም ያን ሌሊት ያሰብኩት ይህንኑ ነው። አዲስ አበባ ብዙ ሠርግ ጠርተውኛል። አዳራሹ ያማረ፣ ምግቡ የተትረፈረፈ፣ ቪዲዮው የሚያበራ። ከሄድኩባቸው ውስጥ የፈረሰ ትዳር አለ፤ መፍረሱን የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው፣ ማንም እንደ እማኝ አልጠራኝም። በልቼ ወጣሁ፣ አለቀ። ጋብቻ ላይ የተገኘ ሰው የበላበትን ብቻ ሳይሆን ያየውንም ሊጠየቅ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ፤ ከዚህ እምነት ጋር የሚስማማ ሠርግ ያየሁት ግን ቡሌ ላይ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ጉሙ ሳይገፈፍ ሙሽራዋ ከቤት ወጣች። አያቷ ደጃፍ ላይ አቁመው ጭንቅላቷ ላይ እጃቸውን ጭነው መረቋት፤ የነጭ ቬሎዋ ጫፍ ጭቃ እንዳይነካው ሁለት ሕፃናት ይዘውት ነበር። ሙሽራው የይርጋ ጨፌ ልጅ ነው፣ የቡና ማኅበር ሠራተኛ። ሪባን ያሰሩ ሁለት መኪኖች ነበሩ፤ ከኋላቸው ሞተር ሳይክሎች፣ ከሞተሮቹ ኋላ በፈረስ የመጡ ገበሬዎች፣ ከዚያ በእግር የሚዘምር ሕዝብ።

ቤተ ክርስቲያኑ ሰፊ የቆርቆሮ ቤት ነው። መዘምራኑ ቀይ ጋዋን ለብሰው አንዱን መዝሙር በአማርኛ፣ ቀጣዩን በጌዴኡፋ ይዘምራሉ። መጋቢው የሁለቱ ጋብቻ ባለፉት እሑዶች በተከታታይ መታወጁን፣ ልጆቹም የቅድመ ጋብቻ ትምህርት መጨረሳቸውን ተናገሩ። ቀጥለው፣ ይህ ጋብቻ እንዳይፈጸም የሚያደርግ ነገር የሚያውቅ ካለ ይናገር አሉ። በየሠርጉ የሚባል ነው፤ ብዙ ጊዜ ጥያቄው ሳያልቅ እልልታው ይቀድማል። እዚህ ግን መጋቢው ቆም አሉ። ሕዝቡም ቆም አለ። በሺህ የሚጠጋ ሰው ያለበት ቤት ጸጥ ሲል ሕፃናት እንኳን ገብቷቸው ዝም አሉ። ወዳጄ ከጎኔ ነበር። እጁን ጉልበቴ ላይ ጣል አድርጎ «በርንቪልም እንዲህ ነበር» አለኝ በሹክሹክታ።

ልጆቹ ቃል ገቡ፤ ድምፃቸው የሚሰማው ያለ ማይክ ነበር፣ መብራት ጠፍቶ ስለነበር። ቀለበት ተደረገ። ከዚያ መጋቢው ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ አዙረው፣ እነዚህን ልጆች በጸሎትም፣ በምክርም፣ በችግራቸው ቀንም ትረዷቸዋላችሁ ወይ ብለው ጠየቁ። ሕዝቡ ተነሥቶ ቆመ፤ እንረዳለን አለ። አግዳሚዎቹ ሲንኳኩ የቆርቆሮው ግድግዳ አስተጋባ።

ወረቀቱ የተዘረጋው ከዚያ በኋላ ነው። ወዳጄ አራት ትልልቅ ነጭ ካርቶኖችን አያይዞ፣ ከላይ የሙሽሮቹን ስምና ቀኑን በሚያምር የእጅ ጽሑፍ አስጽፎበታል። የቤተ ክርስቲያኑ የጋብቻ ምስክር ወረቀት በእማኞቹ ተፈርሞ ከታሸገ በኋላ ሕዝቡ መሰለፍ ጀመረ። ወጣቶቹ በፍጥነት ፈርመው ያልፋሉ። መምህራኑ ቀን ይጨምራሉ። ሕፃናት ስማቸውን በትልልቅ ፊደል ይጽፋሉ፣ አንዷ ቦታ አጥታ ፊደሎቹን ወደ ላይ አቀናቻቸው። መጻፍ ለማይችሉት ደግሞ የማኅተም ቀለም ቀርቧል።

የወዳጄ እናት ሲደርሱ ሰልፉ ተከፍቶ አሳለፋቸው። የቀኝ አውራ ጣታቸውን ሰማያዊው ቀለም ላይ አደረጉ፤ ጣታቸው ከዘመናት የእንሰት መፋቅ የተነሣ መስመሮቹ ጠፍተው ለስልሷል። መጀመሪያ ሲጫኑ የወጣው ጠብታ ብቻ ነበር። አስተባባሪው ልጅ ይበቃል አላቸው። እሳቸው ግን አልተውም፤ ጣታቸውን በነጠላቸው ጠርገው፣ ቀለሙን ደግመው ነክተው፣ ዝግ ብለው ተጫኑ። ሁለተኛው በደንብ ወጣ። ዞር ብለው ለልጃቸው አንድ ነገር ተናገሩ፤ ተረጎመልኝ። «ሲጣሉ ማንን እንደምጠራ አሁን አውቃለሁ» ነው ያሉት።

ከሰልፉ መሐል ከሌሎቹ የሚለይ ነጭ ጥምጥም ያሰሩ ሽማግሌ ነበሩ። ከኡራጋ፣ ከጉጂ አገር የመጡ ናቸው። በ2010 ዓ.ም. በጉጂና በጌዴኦ መካከል በተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ጌዴኦዎች፣ ከቤታቸው ተፈናቅለዋል። የወዳጄ አጎት ከነቤተሰቡ ከነዚያ አንዱ ነበር። በእነዚያ ወራት እንሰቱንና ቡናውን የጠበቁለት፣ ከብቶቹንም አብረው ያሰማሩለት እኚህ ሽማግሌ ናቸው። ሁለቱ ሕዝቦች ደም ሲቃቡ የሚታረቁበት ጎንዶሮ የሚባል የቆየ ሥርዓት አላቸው፤ የጋራ ነው፣ አንዱ ያለ ሌላው አይፈጽመውም። ሽማግሌው ከአጎትየው ጋር ጎን ለጎን ነበሩ። ቀለሙን ነክተው አሻራቸውን ከአጎትየው ፊርማ ሥር አኖሩት። ማንም ንግግር አላደረገም፣ ማንም አላጨበጨበም። ወዳጄ ግን ከቦታው ተነሥቶ ሄዶ ጉልበታቸውን ሳመ።

እኔም ፈረምኩ። ከሥሩ ደብረ ታቦር ብዬ ጻፍኩ።

ድግሱ ሜዳ ላይ ነበር፤ ቆጮ በጥሬ ሥጋና በዳጣ፣ የቡላ ገንፎ በቅቤ፣ ብርዝና ለስላሳ። አልኮል የለም። የስጦታው ሰዓት ረጅም ነው፤ ስም እየተጠራ ጊደር፣ በግ፣ ብርድ ልብስ፣ የወጥ ቤት ዕቃ ይነገራል። የሙሽራው አባት ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱ፦ እንሰት ያለበትን መሬት ከፍለው ለልጃቸው መስጠታቸውን። በዚህ አገር ጎጆ ወጣ የሚባለው እንሰት ሲኖረው ነው። በመቀመጫው ያለው ሁሉ እልል አለ፤ ከሁሉም ስጦታ ያንን ነበር የጠበቀው።

ሰኞ ጠዋት ሙሽሮቹ ወደ ቀበሌ ሄዱ፤ እኔና ወዳጄ አብረናቸው። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት በቤተ ክርስቲያንም ሆነ በባህል የተፈጸመ ጋብቻ በወሳኝ ኩነት መዝገብ ሊገባ ይገባዋል። የሚበቃው ጥቂት እማኝ ነው፤ ቢሮው በር ላይ ግን መታወቂያቸውን ይዘው የመጡ ጎረቤቶች ተሰብስበዋል፣ ሳይጠሩ። መዝጋቢው ወጣት ነው። የቤተ ክርስቲያኑን የምስክር ወረቀት አየ፣ የእማኞቹን ስም ገለበጠ። ወዳጄ ካርቶኑን ጠቅልሎ ይዞት ስለነበር፣ ምናልባት ይጠቅም ይሆናል ብሎ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። መዝጋቢው ይህ ለመዝገብ አያስፈልግም አለ፤ ግን አላጠፈውም። ጎንበስ ብሎ ስሞቹን ከላይ ወደ ታች ማንበብ ያዘ፤ አንዱን ዓምድ ጨርሶ ወደ ቀጣዩ አለፈ። ግራ ጥግ ላይ ሲደርስ ቆም አለ። የራሱ ፊርማ ነበር፤ ቅዳሜ ከመዘምራኑ ጋር ቆሞ ሲዘምር ውሎ ፈርሞ ነበር የወጣው። ቀና ብሎ ሙሽራዋን አያት። «እንግዲህ እኔም አለሁበት» አለና ማኅተሙን አነሣ።